የቀኙ የፊት ጎማ

ባለቤቴ ገደፋው ከመኪና ጋር ሰላምታ የሚጀምረው ከጎማው ነበር። ሾፌሩን እየሳመ እንኳ አንድ እጁ ወደ ታች ትሄዳለች፤ የመዳፉን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ ያሳርፍና ጥቂት ይቆያል። ቀዝቃዛ ከሆነ «ደህና ነው» ይላል። ያልተለመደ ሙቀት ካገኘ ምንም አይልም፤ ክሪኩን ሊያመጣ ይሄዳል።

ስለ እሱ እንድጽፍ የጠየቀኝ የለም። ተዝካሩ ወጥቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የማመሰግንበት ነገር ከማለቅስበት እንደሚበልጥ አየሁ። ሳልረሳው ልጻፈው አልሁ።

የተወለደው ቡሬ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። እናቱ ከአገው ወገን ስለነበሩ ብሎን ሲፈታ በአገውኛ ነበር የሚቆጥረው፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው «በአማርኛ ስቆጥር ወሬ ይገባበታል» ይለኝ ነበር። ሥራውን የለመደው በመንግሥት እርሻ ትራክተሮች ላይ ነው። ደርግ ወድቆ የእርሻው ሰው ሲበተን፣ አንድ የመፍቻ ሣጥን ይዞ ፍኖተ ሰላም ገባና ወደ ቡሬ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቆርቆሮ አቁሞ ጋራዥ አለው። ቤታችን ከቆርቆሮው ጀርባ ነበር። ምሳ ሲቀርብ እጁን በአመድና በሳሙና ይታጠባል፤ ግራሶው ግን ከጥፍሩ ሥር አይወጣም። እኔም ሽታውን ለመድሁት። አሁን ካፖርቱን ሳራግፍ ያ ሽታ ሲመጣ ጥቂት ቆሜ እሰቅለዋለሁ።

ትራክተር ላይ ላደገ ሰው አዲሶቹ መኪኖች እንግዳ ነበሩ። መጀመሪያ ኤቢኤስ ያለው መኪና ሲመጣለት እስከ ባህር ዳር ድረስ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰና ለእኔ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። «አየሽ ወይኒቱ፣ ሰው ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ቀጥ ይላል፤ ጭቃ ላይ ቀጥ ያለ ጎማ ደግሞ እንደ በረዶ ይንሸራተታል። እና ለእያንዳንዱ ጎማ ዘበኛ ቀጠሩለት። ዘበኛው ሥራው መቁጠር ነው፤ ጎማው ስንት ይዞራል እያለ። አንዱ ጎማ ሌሎቹ እየዞሩ እሱ ሊቆም ሲል ካየ፣ ፍሬኑን ለቀቅ ያደርግለታል፤ መልሶ ይይዝለታል። መሪው እንዲታዘዝ።»

«ዘበኛው ቢተኛስ?» አልሁት።

«መብራት ይበራል። ፍሬኑ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ጠባቂ ግን የለውም። ክፉው ዘበኛው ሲተኛ አይደለም፤ ሲሳሳት ነው።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምህረት፣ የእንዳለው ታናሽ ወንድም ሲያገባ ነው።

እንዳለው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከባህር ዳር ፍኖተ ሰላም የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው። መኪናዋን በገዛ በዓመቱ የጥምቀት ዕለት ከባህር ዳር ሲከንፍ መጥቶ፣ ታቦታቱ ከወረዱበት ላህ ወንዝ ዳር ደረሰ። የዚያን ዘመን ሾፌሮች ልማድ ነበራቸው፦ ውሃው ከተባረከ በኋላ መኪናቸውን ከመሻገሪያው ያስገቧታል፤ ጎማዎቿ እስኪሰጥሙ። ዓመቱን ከአደጋ ይጠብቃታል ብለው። እንዳለውም ሞተሩ ሳይበርድ ገባ። እናቱ እትዬ እማዋይሽ ከዳር ሆነው እልል አሉ። ገደፋውም አጠገቤ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እንዳለው ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አያ ገደፋው፣ ይቺ መኪና ዓይኗ ቢጫ ሆነብኝ። የወፍ በሽታ ይሆን?»

«ምን አጠጥተሃት ነው?»

«ጠበል ብቻ!»

ሁለቱም ሳቁ። ቢጫው ዓይን የኤቢኤሱ መብራት ነበር። ገደፋው መኪናዋን አንሥቶ ጎማዎቹን አወለቀ። በቀኙ የፊት ጎማ በኩል፣ ያ ዘበኛ የሚለው ሴንሰር ጫፉ ማግኔት ስለሆነ የብረት ዱቄት እንደ ጢም በቅሎበት አገኘ። በጨርቅ ጠርጎ መለሰው። መብራቱ ጠፋ። «ሂድ፤ ድናለች» አለው። እንዳለው ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ።

ሠርጉ በጥር መጨረሻ እሑድ ነበር። ሙሽራው ባምላኩ፣ የእንዳለው ታናሽ፣ የሚያገባት ልጅ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲወርዱ ካለ ገጠር ናት። እንዳለው «ወንድሜን በገዛ መኪናዬ ወስጄ ሚስቱን አመጣለታለሁ» ብሎ ለአገሩ ሁሉ ተናግሯል። እኔና ገደፋውም ከአጃቢው ጋር ተጠርተን ገባን። እትዬ እማዋይሽ ከልጃቸው ጎን ከፊት ተቀመጡ፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከመካከል፤ እኛ ከበስተኋላቸው። መኪናዋ በአበባና በሪባን አጊጣለች። ከመሪው ኋላ፣ ቆጣሪዎቹ ባሉበት መስታወት ላይ፣ እንዳለው ትንሽ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፏል። እናቱ አይተው «ተባረክ» ብለውት ነበር።

ከከተማ ወጣን። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ መኪናዋ ትናጣለች። ገደፋው መጀመሪያ ያጨበጭብ ነበር። አንድ ወደ ግራ የሚዞር መታጠፊያ ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ዞርን፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እንደገና ወደ ግራ ስንዞር ብድግ ብሎ፣

«እስኪ አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ» አለ።

የሙሽራ መኪና ውስጥ! ዋናው ሚዜ «ጋሼ፣ ለቅሶ መሰለዎት እንዴ?» ሲለው ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ዘፈኑ ሲቆም እኔም ሰማሁት። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከጎማው ሥር፣ እንደ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ አለ። ወደ ግራ ስንዞር ይጎላል፤ ወደ ቀኝ ስንዞር ይከስማል።

ማንኩሳ ስንደርስ ከብቶች መንገዱን ሊያቋርጡ ወጡ። እንዳለው ዝግ ብሎ ነበርና ፍሬኑን በቀስታ ያዘ። ከወለሉ ሥር ድድድድ የሚል ነገር ተሰማ፤ መኪናዋም ሊያቆማት ካሰበበት አልፋ አንዲት ጊደር አፍንጫ ሥር ቆመች። እረኛው በዱላው ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ «ሙሽራው ቸኩሏል!» አለ።

«እንዳለው» አለ ገደፋው፤ «ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ተንቀጠቀጠ?»

«የኤቢኤስ ጠባይ ነው አያ ገደፋው። እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«በደረቅ አስፋልት? በሰው እርምጃ?»

እንዳለው ጥሩምባውን ለከብቶቹ ነፋ።

«መብራቱስ?»

«ጠፍቷል ብለውኝ አልነበር?»

ገደፋው በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ ፊት አጎንብሶ ሥዕሏን አየ። ሥዕሏን ግን አልነካትም። «ወንድምዓለም» አለው ቀስ ብሎ፤ «እመቤታችንን ለመብራት መጋረጃ አደረግሃት?»

እትዬ እማዋይሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን አለ? ምን አደረግሃት አለ?»

«እማዬ፣ እየበራ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ ተሳፋሪ መብራቱን ሲያይ አልሳፈርም ይላል…»

እሳቸው ሥዕሏን በጥፍራቸው ፈልቅቀው፣ ስመው፣ ከደረታቸው ሥር አስገቧት። ቢጫው መብራት ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

እስከ ቡሬ በዝግታ ሄድን። ቡሬ መግቢያ ላይ ገደፋው የሚያውቀው ሰው ጋራዥ አለ፤ እዚያ ደጃፍ አስቆማት። የሠርግ ልብሱን ሳያወልቅ ቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አነሣ። አንድ እጁን ከላይ፣ አንድ እጁን ከታች አድርጎ ሲወዘውዘው ጎማው ቀጭ ቀጭ አለ። የግራውንም አንሥቶ እንዲሁ አደረገ፤ የግራው ዝም። ወደ ቀኙ ተመልሶ አንድ እጁን ከውስጥ ካለው ብረት ላይ አሳርፎ በሌላው ጎማውን አሽከረከረ። ከዚያ እጄን ያዘና እኔንም አስነካኝ። እህል ሳይኖረው እንደሚዞር ወፍጮ ይንገራገጫል።

«ኩሽኔታው ነው» አለ። «ጎማው የሚዞርበት። አልቋል። ጎማው ሲወላገድ ዘበኛው ቁጥሩ ይጠፋበታል፤ ጎማው የቆመ ይመስለውና ፍሬኑን ይለቅበታል። ማንኩሳ ላይ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ስንዞር ደግሞ ክብደታችን እዚያ ጎማ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል።»

እንዳለው ፊቱ ተለዋወጠ። «አያ ገደፋው፣ እዚህ ደርሰናል። ቀስ ብዬ ወርጄ ቀስ ብዬ ልመለስ። ነገ ለእርስዎ እተዋታለሁ።»

«ወደ ሽንዲ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ።»

«ደጋግሜ የወረድሁበት መንገድ ነው!»

«እኮ።»

እትዬ እማዋይሽ ከመኪናው ወርደው ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። «ገደፋው ልጄ፣ ሙሽራ ይዘው መንገድ ላይ ቆሙ ልንባል ነው? የልጅቱ ዘመዶች ምን ይሉናል? ከቁርስ ጀምረው ይጠብቁናል እኮ።»

«ቆሙ ይበሉን እናቴ» አላቸው። «ቆሙ ቢሉን ይሻላል።»

«ድናለች ብለው የላኩኝ እርስዎ አይደሉም?» አለ እንዳለው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ። ሚዜዎቹም ሰሙት፣ የጋራዡም ሰው ሰማው፤ መንገደኛም ቆመ።

ገደፋው ከጎማው ሥር ቀና አለ። በሱሪው ጉልበት ላይ ክብ የዘይት እድፍ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «የብረት ዱቄት አገኘሁ፤ ጠርጌ ጣልሁት። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ኩሽኔታው እየተፈጨ ነበር፤ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፤ ወንድምህን ደግሞ በሌላ መኪና ውሰድ።»

ባለሙያ በሰው ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ከዚያ በፊት አልሰማሁም ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን እንዲህ የሚቀለው ሰው አልነበረም። እንዳለው ለጥቂት ጊዜ ቁልፉን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየና ሰጠው። መስጠቱን ግን በፈቃዱ ያደረገው አይመስለኝም፤ እናቱ ዓይኑን እያዩት ነበርና።

በእሑድ ቀን ቡሬ ላይ የተገኘው መኪና ከብት የሚጭን አይሱዙ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ጭነት ክፍሉን በውሃ አጠበና ገለባ ነሰነሰበት። ሙሽራው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሚዜዎቹ ደግፈው አወጡት። አበባውንና ሪባኑን ከሚኒባሷ አውርደው በአይሱዙው ግራና ቀኝ መስታወት ላይ አሰሩት። እትዬ እማዋይሽ ከሾፌሩ ጎን ሲገቡ እንባቸው ይወርድ ነበር። እኔ ከባለቤቴ ጋር ቀረሁ። ሲሄዱ ሚዜዎቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ገደፋው ግን ቀና ብሎ አላያቸውም።

ያ ቀን ረዘመብኝ። እሱ ከጋራዡ ባለቤት ልብስ ተውሶ ይፈታል፤ እኔ የፈታውን ብረት በጨርቅ ላይ በተራ አስቀምጣለሁ። በአገውኛ እየቆጠረ ነበር። የጎማው እምብርት ተከፍቶ ኩሽኔታው ሲወጣ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ግራሶ ማር የመሰለ ቀለም ሊኖረው ይገባል። ይህ ግን ነጥቶ እርጎ መስሏል። በመሐሉ ቡናማ ዝገት። የሚሽከረከሩት ብረቶች ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ተበሳስተዋል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለ። እኔ ወንዙ ትዝ አለኝ።

አጃቢው ሙሽራይቱን ይዞ ሲመለስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ከሩቅ ጩኸታቸው ይሰማል። ያፈሩ ሰዎች ድምፅ አልነበረም። አይሱዙው ሲቆም ዋናው ሚዜ ከላይ ሆኖ፣ የልጅቱ አገር ዘፋኝ የተቀበለቻቸውን ግጥም ደገመልን፦

በሬ ሲጭን ኖሮ መኪናው በየሀገር፣
ሙሽራ ጭኖ መጣ ከፍኖተ ሰላም ሰፈር።

«አማቶቻችንማ» አሉ እትዬ እማዋይሽ ከጋቢናው ሲወርዱ፣ «‹ሙሽራው የቱ ነው? ቀንዱን አሳዩን!› እያሉ ገደሉን!» የዋሉበት ሳቅ ገና ከፊታቸው አልጠፋም።

እንዳለው ግን ወደ ሚኒባሷ ቀጥ ብሎ መጣ። ገደፋው ኩሽኔታውን በጨርቅ ላይ አቀረበለት። አላስረዳውም። እንዳለው በጣቱ አዞረው፤ ግማሽ ዞሮ ተያዘ። እንደገና ሞከረ፤ ተያዘ።

«ዛሬ ቁልቁለቱን ሳየው…» አለና ሳይጨርስ ተወው።

እትዬ እማዋይሽ ከኋላው ቆመው ነጩን ግራሶ አዩ። «ይኸ ምንድን ነው?»

ገደፋው ወደ እኔ አየ። የተባረከ ውሃ መኪና አበላሸ ብሎ ለእኒህ እናት እንዴት ይንገራቸው? ትንሽ አሰበና «እናቴ፣ ምድጃ ላይ የዋለ ድስት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ምን ይሆናል?» አላቸው።

«ይሰነጠቃላ።»

«ብረት አይሰነጠቅም፤ ግን ሲበርድ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ላስቲክ ካረጀ፣ ከትንፋሹ ጋር ውሃውን ይጠጣል። እንዳለው ከባህር ዳር ሲበር መጥቶ ጎማው እንደ ምድጃ እንደጋለ ነው ወንዝ የገባው።»

«እና ጠበሉ ነው?»

«ጠበሉ ምን አደረገ እናቴ? እኛ ነን ሳናርፍ የገባነው። እኔም ከዳር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።»

እትዬ እማዋይሽ ጥቂት አሰቡና፣ «ሰውም ቢሆን ላቡ ሳይደርቅ ጠበል አይገባም» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

በማግስቱ ገደፋው ራሱ ባህር ዳር ሄዶ አዲስ ኩሽኔታ ይዞ መጣ። መኪናዋን ሲያስረክብ እንዳለውን ይዞት ወጣ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረ አዳመጠ፤ በእርምጃ እየሄደ ፍሬን አስረገጠው። መብራቱ አልበራም፤ ፔዳሉም አልተንቀጠቀጠም። ያን ጊዜም ቢሆን «ድናለች» አላለም። «ሳምንት ንዳትና ተመለስ» ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው መኪናህ ድናለች ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ያን ቀን ባንቆም ምን ይመጣ እንደነበር አላውቅም። ምንም ላይመጣም ይችል ነበር። ገደፋውም አንድ ቀን እንኳ «አዳንኋችሁ» አላለም። እኔ ግን የባምላኩን ልጆች በሰፈራችን ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር ቀስ ብዬ ተመስገን እላለሁ።

በሚቀጥለው ጥምቀት ገደፋው ከበዓሉ አስቀድሞ አባ ይሄይስን፣ የደብራችንን ቄስ፣ ሄዶ ለመናቸው። «አባቴ፣ መኪኖቹ ወደ ውሃው ከሚወርዱ ውሃው ወደ መኪኖቹ ቢወጣስ?» አባ ይሄይስ ሳቁና «ለሕፃንና ለሽማግሌ ወጥተን እንረጭ የለም? እንወጣለን» አሉት። በዓሉ ዕለት ገደፋው ወደ መሻገሪያው በሚያወርደው መንገድ አፍ ላይ ቆመ። ሾፌሮቹ አልማሩትም። «አያ ገደፋው የጠበል ከልካይ ተሾመ!» ይሉታል። «ወንዙን ተከራይቶታል!» ይላሉ። እሱ በየበሩ እየዞረ «ውረድና እጅህን ጎማው ላይ አሳርፍ። ከቻልህ ግባ» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው ወርዶ ነካና እጁን በፍጥነት ሳበ። ሁለተኛው ከእሱ በኋላ ቆመ። ከዚያ አባ ይሄይስ ውሃውን ለዲያቆን አስይዘው ዳር ለዳር እየረጩ መጡ። እንዳለው ከፊት ነበር፤ ጥሩምባውን የነፋውም እሱ ነው።

ገደፋው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ክረምት ታመመ። ጉበቱ ነበር። ባህር ዳር ሐኪም ቤት ተኛ፤ እኔም አልጋው አጠገብ ሰነበትሁ። ሐኪሞቹም ነርሶቹም ደግ ነበሩ፤ እነሱንም አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ጠዋት መንኮራኩር ያለውን አልጋ ስትገፋ የነበረችውን ነርስ «ልጄ፣ የግራዋ ትጮኻለች፤ ዘይት ጠብ አድርጉላት» አላት። ሳቀች። በማግስቱ ዐረፈ።

ወደ አገሩ ያመጣው እንዳለው ነው። ማንም አልጠራውም፤ ሰምቶ መጣ። መቀመጫዎቹን አስወልቆ ሬሳ ሣጥኑን በመሐል አስቀመጠ። እኔ ከፊት፣ እትዬ እማዋይሽ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ ተቀመጥሁ። ዳንግላን፣ እንጅባራን አለፍን። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብለጨልጭ ነበር።

ቡሬ ስንገባ እንዳለው ፍጥነቱን ቀነሰ። ያ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆመ። እኔ የጋራዡን ሰው ሊሰናበተው ይሆናል አልሁ። እሱ ግን ወርዶ በመኪናው ዙሪያ ሄደ። ከግራው የፊት ጀመረ፤ አጎነበሰ፤ የመዳፉን ጀርባ የጎማው እምብርት ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። በእኔ በኩል ያለው፣ የቀኙ የፊት ጎማ፣ ተራው መጨረሻ ላይ ደረሰው። እዚያ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጦ ቆየ። እኔ በመስኮቱ ቁልቁል አየው ነበር፤ የለበሰው ካፖርት ጫፍ ረጥቧል።

ተመልሶ ገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋ።

«ደህና ነው እትዬ ወይኒቱ» አለኝ።

«ተመስገን» አልሁት። «በል እንግዲህ፣ ወደ ቤት እናድርሰው።»